ባሮ ወደ ጀልባው የመጣ ዕለት

ጋምቤላ መጥታችሁ «የኛማል ሬአት ቤት የት ነው?» ብትሉ ሰው ቆም ብሎ ያስባል። «ኛማል ሳልዳቱራ» ያላችሁ እንደሆነ ግን የባጃጁ ሾፌር ሳያስጨርሳችሁ ሞተሩን ያስነሳና ኒውላንድ ሰፈር፣ የብየዳ ቤቷ በር ላይ ያወርዳችኋል። እሷም የብየዳ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ብቅ ትላለች። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። በገዛ በሯ ስትገባ ጎንበስ የምትል ረጅም ሴት ናት፤ በሩ አጠረሽ ሲሏት፣ ለደንበኛ የተሠራ ነበር፣ ደንበኛው ጠፋ ትላለች። ከከተማው የብረት በር ግማሹ፣ ከውሃ ታንከሩ ደግሞ ከግማሽ በላዩ ከእጇ የወጣ ነው። ጀዊ የስደተኞች ካምፕም ፑኝዶም የእሷ ታንከሮች ቆመዋል፤ አንጠባጠበ ተብሎ የተመለሰባት አንድም የለም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ የኋላው ጉድ የመጣው ከዚሁ ነው።

እንግዳ ሰው ጋምቤላን ሲያይ ማንጎውን፣ ሙቀቱንና ባሮ ዳር የሚታጠበውን ሕዝብ አይቶ «ጥሩ መዝናኛ ነው» ብሎ ይሄዳል። ምን ያድርግ፣ አላወቀ! ጋምቤላ የሥራ ከተማ ነው፤ የወለደውም ሥራ ነው። ድሮ ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የእንፋሎት መርከብ እያጨሰ ይመጣና ጨውና አቡጀዲ አራግፎ፣ የደጋውን ቡና ጭኖ ይመለስ ነበር። በጋ ሲሆን ወንዙ ይጎድላል፤ መርከብ የለም፣ ሥራም የለም፣ ከተማው እጁን አጣጥፎ ዝናብ ይጠብቃል። መርከቡ ከቀረ በኋላ የእንጨት መሰንጠቂያው፣ ጡብ ማቃጠያው፣ ጋራዡ፣ ብየዳ ቤቱ፣ አንዱ ሲዘጋ ሌላው እየተከፈተ እዚህ ተደረሰ። ጠባዩ ግን ያው ነው፤ የጋምቤላ ሰው ዛሬም ወንዙን ሳያይ ቀጠሮ አይዝም።

የኛማል አባት ሬአት የዚያ ወደብ ሰው ናቸው። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላቸው በወዛደርነት ተቀጠሩ። እያንዳንዱ ወዛደር አንገቱ ላይ የሚያስራት ቁጥር የተቀረጸባት የነሐስ ምልክት ነበረችው። መርከብ ሲገባ የወዛደሮቹ አለቃ መሸጋገሪያው ሳንቃ ላይ ቆሞ ቁጥር ይጠራል፤ «አለሁ» ያለ ይሸከማል፣ ዝም ያለ የዚያን ቀን እንጀራ አጣ ማለት ነው። የሬአት ቁጥር አርባ አንድ ነበር። የመጨረሻው መርከብ የሄደ ጊዜ አለቃው፣ ምልክታችሁን ያዙት፣ በሚመጣው ክረምት እንመለሳለን ብሏቸው ተሳፈረ። ይኸው ሰባ ክረምት አለፈ፣ አርባ አንድን የጠራ የለም። ሽማግሌው ግን ምልክቷን ከአንገታቸው አላወረዱም። አሁን ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፣ ብርሃንና ጥላ ብቻ ይለያሉ።

ኛማል ይህን ታሪክ እየሰማች ነው ያደገችው፤ ልጅ ሳለች ትሰለቸው ነበር። ትልቅ ስትሆን ግን አንጀቷን ይበላት ጀመር። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ቦጋለች መጥታ የብረት ጀልባ ትሠሪልኛለሽ ወይ ስትላት፣ ከዚህ በፊት ጀልባ ሠርታ እንደማታውቅ ትዝ ሳይላት እሺ አለች። ቦጋለች በሰባ ሰባት ከደጋ ከመጡ ሰፋሪዎች የተወለደች፣ በቆሎና ደረቅ ዓሣ ከኢታንግ የሚያመላልሱ የሴት ነጋዴዎች ማኅበር መሪ ናት። ክረምት መንገዱ በጭቃ ሲቆረጥ ንግዳቸው ይቆማል። ታናሽ ወንድሟ ዳምጤ ደግሞ የኛማል የሥራ ባልደረባ ነው፤ ላሜራ በመቁረጥ የሚደርስበት የለም፣ በማልጎምጎምም እንደዚያው።

ከአሮጌው ወደብ አጠገብ፣ ዝገት ከበላው መጋዘን በታች ቦታ ተፈቀደላቸውና ሰባት ወር ሠሩ። አሥራ አራት ሜትር የሚረዝም፣ ሆዱ ሰፊ፣ ታችኛው ለጥ ያለ ጀልባ ነው፤ ጎኑን ሰማያዊ ቀቡት። የከተማው ሰው ሁሉ መሐንዲስ ሆነ። አንዱ ይሰምጣል ይላል፣ አንዱ ይገለበጣል ይላል፣ አንዱ ደግሞ አፍንጫው አላማረውም። ሬአት በየቀኑ በምርኩዝ መጥተው ላሜራውን በጣታቸው አንኳኩተው ይመለሱ ነበር። አንድ ቀን ልጃቸውን ዘንድሮ ውሃ ይነካል ወይ ብለው ጠየቋት። ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ አለች፣ እንደ ቀልድ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ «ከርሞ የወጣቶች ነው» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኛማል እንቅልፍ አልነበራትም።

ሥራው ያለቀው ጥቅምት ሲጠባ ነው። ባሮ መጉደል ጀምሯል፣ በየቀኑ ሁለት ሁለት እርምጃ ይሸሻል። አርብ ጠዋት ጀልባውን ሊያወርዱ ሲሉ ዳምጤ እጁን አነሳ። ሳይፈተሽ የወጣ ሥራ አለን እንዴ አለ። እውነቱን ነው፤ በእነሱ ቤት ታንከር ውሃ ሞልቶ ግማሽ ቀን ሳይቆም ከግቢ አይወጣም። ኛማልም ልክ ነህ አለችው። ፓምፕ አምጥተው ከወንዙ እየሳቡ ጀልባውን እስከ አፉ ሞሉት!

እንግዲህ ፍረዱ። ሃያ ዓመት ታንከር የበየደ ሰው ካልሆነ በቀር ጀልባ ውስጥ ውሃ የሚሞላ ማን አለ? ጀልባ ውሃ የሚፈራው ከውጭ ነው። ታንከር የሚቆመው ደግሞ ኮንክሪት ላይ ነው፤ ይህ የቆመው ክረምቱን ሙሉ ውሃ የጠጣ የወንዝ ዳር መሬት ላይ ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት አንድም ጠብታ አልወጣም። ዳምጤ ፈገግ ማለት እንደ ጀመረ መሬቱ ከቀኝ በኩል እጅ ሰጠ። ጀልባው ከነውሃው ዘንበል አለ፣ ሆዱ ጭቃው ውስጥ ሰጠመ፣ ከሥርም ብረት ሲቀደድ ተሰማ። ውሃው ወጥቶ ሲያልቅ ታችኛው ስፌት ሁለት ስንዝር ያህል ተከፍቶ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እነዚህ ግን ሳይቸኩሉ፣ በጥንቃቄ ብዛት ነው ያፈሰሱት።

ኛማል መጀመሪያ ዳምጤን ሰደበችው፣ ቀጥላ ራሷን ሰደበች፣ ከዚያ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ጀልባው ከወንዙ ሠላሳ እርምጃ ርቋል። ክሬን የለም፤ ቢኖርም እዚያ ጭቃ ላይ አይቆምም። ቦጋለች ወንድሟን በዓይኗ ብቻ ገረፈችውና በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ማኅበርተኞቿን አካፋና ዶማ አሲዛ መጣች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሲቆፍሩ ውለው የተቀደደውን ቦታ አገኙት፤ ሰው በጀርባው ተኝቶ የሚበይድበት ጉድጓድ ከሥሩ ከፈቱ። ጀልባውን ግን መቶ ሰው ቢስበውም ንቅንቅ አላለም።

ሬአት ገመዱን የሚስቡትን ሰዎች ሲያለከልኩ ሰምተው ሳቁባቸው። በእኛ ጊዜ የተቀረቀረ ጀልባ ወደ ወንዝ አይጎተትም ነበር፣ ወንዙ ነው የሚጠበቀው አሏቸው። ወንዙማ እየሸሸ ነው ባባ አለች ኛማል። ደጋው ገና ዘንቦ አልጨረሰም አሉ ሽማግሌው፣ በየቀኑ ጠዋት አንድ ኩባያ የባሮ ውሃ አምጡልኝ። ሰውየው አረጁ ተባለ። እሑድ ጎህ ሲቀድ ኛማል ኩባያውን አመጣችላቸው። ጎንጨት አድርገው ምላሳቸው ላይ አዟዟሩት፤ በጥርሳቸው መካከል ደቃቅ አሸዋ ሲንቀጫቀጭ ተሰማት። «የደጋ አፈር መጣ» አሉ። «ጎሬ ላይ ዘንቧል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ውሃው እዚህ ነው፤ ነገ ተመልሶ ይጎድላል፣ ከዚያ ወዲያ ዘንድሮ አትጠብቂ።»

ኛማል ሁለመናዋ ሩጫ ሆነ! ስፌቱ ሳይበየድ ወንዙ ከደረሰ ጀልባው ውሃ ሞልቶ እዚያው ይቀራል፤ ብየዳው ካለቀ ግን ወንዙ ራሱ ያነሳዋል። ማሽኗን ልትሰካ ስትል መብራት ጠፋ። መብራት ኃይልን መጠበቅ ደግሞ መርከቡን እንደ መጠበቅ ነው። ዳምጤ በባጃጅ በርሮ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ መዘምራኑ ገና እየዘመሩ ነበር። ምን ብሎ እንዳስረዳቸው አይታወቅም፤ ብቻ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ትልቁ ጄኔሬተራቸው መኪና ላይ ወጣ፣ መዘምራኑም ከነነጭ ልብሳቸው ተከትለውት ወጡ። ሰባኪው ብቻቸውን ሲቀሩ እሳቸውም መጡ።

ኛማል ጉድጓዱ ውስጥ በጀርባዋ ተንጋላ መበየድ ጀመረች። ፍንጣሪው ደረቷ ላይ ይዘንባል፣ ላቡ ጆሮዋ ውስጥ ይገባል፤ እሷ ግን እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አግኝቷት አያውቅም። ፈርታለችም፤ ሁለቱም አብረው ነበሩ። ከውጭ ባሮ እየደፈረሰ፣ ቅጠልና ግንድ እየነዳ ሲመጣ ሰው እየተቀባበለ ይነግራታል፤ ሃያ እርምጃ ቀረው፣ አሥራ አምስት ቀረው። መዘምራኑና የቦጋለች ሴቶች በጉድጓዱ ዙሪያ ጭቃ ቆልለው ግድብ ሠሩ። ነጭ ልብሱ ሁሉ የባሮን መልክ ያዘ። ዳምጤ አንድ እጁን ጄኔሬተሩ ማጥፊያ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት።

«ስሚኝ፣ ውሃው እግርሽን የነካ ጊዜ አጠፋዋለሁ። ስድብሽን ችያለሁ፣ ሬሳሽን ግን አልሸከምም።»

አምስት እርምጃ። ሦስት። አራት ጣት የምታህል ስፌት ስትቀር ግድቡ ተሸረሸረና ቀዝቃዛው ውሃ ተረከዟን ላሳት። ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ። ኛማል ከጉድጓዱ ውስጥ ስትሳደብ በሦስት ቋንቋ ነበር፤ ሰባኪው እንዳልሰሙ ሆኑ። ዳምጤም ቃሉን ጠብቆ ቻለው። ይህኔ ቦጋለች ከዘንቢሏ አንድ ድፍን የልብስ ሳሙና አውጥታ ጉድጓዱ ውስጥ ወረወረችላት። የፑኝዶ መንገድ ሾፌሮች የነዳጅ ጋን ሲቀደድባቸው በምን እንደሚደፍኑት ኛማል ታውቃለች፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ሳሙና እየፋቀች ስትበይድላቸው ኖራለች። ነክሳ ለሁለት ከፈለችው፣ በመዳፏ አሽታ ክፍተቱ ውስጥ ጠቀጠቀችው፣ የራስ ሻሿን ፈትታ ከላዩ ደፈነችበት። ዳምጤ በብብቷ ይዞ ጎትቶ ሲያወጣት ውሃው ጉድጓዱን ሞላው።

ከዚያ ማንም ምንም አልሠራም፣ የሚሠራ ነገር አልነበረምና። ጀልባውን ከአሮጌው ወደብ በቀረው የብረት ምሰሶ ላይ በገመድ አስረውት ነበር፤ መርከብ ይታሰርበት በነበረው ማለት ነው። ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ ውሃውን ያይ ጀመር። ውሃው የጀልባውን ሆድ ዞረ፣ ሰማያዊውን ቀለም እየበላ ወጣ። ኛማል ውስጡ ገብታ በጉልበቷ ተንበርክካ ወለሉን ትዳስሳለች፤ ደረቅ ነው፣ አሁንም ደረቅ ነው። ድንገት ከሥር ጭቃው እንደ ትልቅ መሳም ጮኸና ጀልባው ቀና አለ። ተንሳፈፈ! ገመዱ ተወጠረ፣ ምሰሶው ከሰባ ዓመት በኋላ ሲጥጥ አለ። መዘምራኑ ምን እንደ ዘመሩ እነሱም አያስታውሱም። ዳምጤ ያለቅሳል፤ ቦጋለች የሳሙናዬን ዋጋ እያለች ትስቃለች።

ሬአት ግን ወንዙ ዳር ካለው ማንጎ ሥር፣ ከተቀመጡበት አልተነሱም። ፊታቸው ወደ ጩኸቱ ዞሯል፣ በጣታቸው አንገታቸው ላይ ያለችውን ምልክት ያሻሉ። ኛማል ከጀልባው አፍንጫ ላይ ሆና አየቻቸው። ሰው ሁሉ እየጨፈረ አንድ እሳቸው ብቻ ይጠብቃሉ። ምን እንደሚጠብቁ ገባት። ሳንቃውን ወደ ዳር ዘረጋች፣ ላዩ ላይ ቆመች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተጣራች።

«አርባ አንድ!»

ሕዝቡ ወደ ማንጎው ዞረ። ሽማግሌው በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሱ፣ ወገባቸውን አቀኑ፤ በጉርምስናቸው ግንባራቸው ላይ የተቀረጹት ስድስት የጠባሳ መስመሮች ወደ ላይ ተሳቡ።

«አለሁ» አሉ። ምርኩዙን እዚያው ጣሉትና ማንም ሳይመራቸው ድምጿን ተከትለው እስከ ሳንቃው መጡ። ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን ሲነካ ቆሙና ትከሻቸውን አመቻቹ።

«ጭነቱስ የታል?»

ኛማል ዙሪያዋን ብታይ አንድም ጆንያ የለም። የብየዳ መነጽሯን ከግንባሯ አውልቃ በቀስታ ትከሻቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ሬአት በአንድ እጃቸው ደግፈውት፣ ከበደኝ ሳይሉ፣ ሳንቃውን ወጡ።