ራስን ማመስገን ነውር የነበረበት ቤት

ከዛፉ ወድቆ ዝናብ የመታው ማንጎ በሸተተኝ ቁጥር ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር ያለው ግቢያችን ፊቴ ድቅን ይላል። እናቴ ከደጋ በሥራ ተመድባ ጋምቤላ የመጣች ነርስ ነበረች፣ ጎረቤት እኔን ሊያመሰግን አፉን ሲከፍት ቀድማ «ኧረ ምንም አትረባ» ትል ነበር፣ ለእኔም «ሰው ያመስግንሽ እንጂ ራስሽን እንዳታመሰግኚ» እያለች አሳደገችኝ። እኔም የታዘዝኩትን የማከብር ጨዋ ልጅ ነበርኩ፣ መከራዬም ከዚያው መጣ።

ሙቀቱ ክፍል ውስጥ አላስቀምጥ ባለን በጋ፣ ልጆች ለራሳቸው የሚሰጡትን ግምት የሚያጠና ሰው ትምህርት ቤታችን መጣ። «የምኮራበት ችሎታ አለኝ»፣ «ከእኩዮቼ አላንስም» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች እያነበበ እስማማለሁ ወይም አልስማማም በሉ አለን። አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ኛቦል የኑዌር ልጅ ናት፣ ወንድሞቿ በሬያቸውንና ራሳቸውን እያሞገሱ ሲዘፍኑ እየሰማች ስላደገች ሁሉንም «በጣም እስማማለሁ» ብላ በደስታ ጨረሰች። እኔ ግን እናቴ ከኋላዬ የቆመች ይመስል ሁሉንም «አልስማማም» አልኩ።

ውጤቱን ያዩት መምህራችን «ይቺ ልጅ በራሷ አትተማመንም፣ መድረክ ላይ ትደነግጥብናለች» ብለው፣ ዓመቱን ሙሉ ከተዘጋጀሁበት የጥያቄና መልስ ውድድር አወጡኝ።

ኛቦል ስትሰማ ሳቀችብኝ። «ጎበዝ እንደሆንሽ ታውቂያለሽ፣ ግን አልስማማም ትያለሽ። ታዲያ ውሸታም አይደለሽም?» አለችኝ። ጨዋነቴን ውሸት ያለው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ክንዴን ይዛ መምህሩ ዘንድ ወሰደችኝ፣ እኔም ድምፄ እየተንቀጠቀጠ «ቲቸር፣ እኔ ጎበዝ ነኝ። አልስማማም ያልኩት ራስን ማመስገን ነውር ስለሆነ ነው» አልኩ። እሳቸውም የደጋ ልጅ ነበሩና ነገሩ ሲገባቸው ሳቃቸው መጣ፣ ወደ ውድድሩም መለሱኝ።

የመጀመሪያው ዝናብ ወርዶ ማንጎው መርገፍ በጀመረበት ሰሞን ተወዳድሬ ዋንጫውን ወሰድኩ፣ ኛቦልም እስከ ቤቴ ድረስ በኑዌርኛ ስሜን እየጠራች ዘፈነችልኝ። እናቴ ዋንጫውን ወልውላ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጠችና «በይ እግርሽን ታጠቢ» አለችኝ።

ዛሬ እኔም ልጆች ለራሳቸው የሚሰጡትን ግምት አጠናለሁ፣ ከመጠየቄ በፊት ግን ራስን ማመስገን በቤታቸው እንዴት እንደሚታይ አጣራለሁ። ባለፈው ክረምት እናቴን ልጠይቃት ሄጄ ሳለ አንዲት ጎረቤት ስለ ሥራዬ ብታነሳ፣ እናቴ እንደ ልማዷ «ኧረ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም» አለቻት። «እማዬ፣ እኔ በሥራዬ ጎበዝ ነኝ» አልኩ፣ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀችና ወደ ጎረቤቷ ዞራ «እሱስ እውነቷን ነው፣ ጎበዝ ናት» አለች። በልጅነቴ ዋንጫ ይዤ ገብቼ ያጣሁትን ቃል ያን ቀን ባዶ እጄን ገብቼ አገኘሁት።