ከኋላ በስተቀኝ ያለው ጎማ

እህቴ ለራሷ ከፍ ያለ መኪና ስትገዛ ጥቁሯን የቤት መኪናዋን ለአባታችን ሰጠች። ጎንደር ላይ ያረጀች ብትባልም ደባርቅ ላይ አቻ አልነበራትም። ወንበሯ ቆዳ ነው፣ በሯ ሲዘጋ ድምፅ አያሰማም፣ ሆዷ ግን ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም። አይሱዙና ባጃጅ በሚተራመስበት ከተማ እሷን ይዤ ስወጣ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። ደመወዙ ወር የማያደርሰው የፊዚክስ መምህር በእንዲህ ያለ መኪና ሲንፈላሰስ መታየቱ አያምርም። ተማሪዎቼም አልማሩኝም፤ «መምህር፣ ሙሽራዋን የት ጣሏት?» እያሉ ሲስቁብኝ ከረሙ።

መኪናዋ ግን የእኔ አልነበረችም፤ እኔ ሹፌር ነበርኩ። አባቴ የሚኖሩት ዳባት ነው፣ እኔ ደባርቅ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳባት ሄጄ አሳፍራቸዋለሁ፤ እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ወስጄ ቁልቁለቱን ሲያዩ ቆይተው እመልሳቸዋለሁ። እናቴ የተወለደችውም የተቀበረችውም ከዚያ ቁልቁለት በታች ነው።

እሷ ከሞተች ዓመት ሊሆን ነበር። አባቴ ከቀብሯ ወዲህ እህል የሚቀምሱት ለይሉኝታ ነው፤ ቃል የሚያወጡትም ሲጠየቁ ብቻ። እህቴ ጎንደር ልውሰዳቸው ትላለች። የእሳቸው መልስ አንድ ነው፤ «ሬሳዬን ትውሰደው።» በእጃቸው የሠሩትን ቤት ትተው በሰው ፎቅ ላይ መቀመጥ ለእሳቸው ከሞት አይሻልም። ስለዚህ እኔና እህቴ ተስማማን፤ አእምሯቸው ደኅና እስከሆነ ድረስ አትነካቸውም፤ መሳት ከጀመሩ ግን ያለ ክርክር ትወስዳቸዋለች። ይህን ስንዋዋል አባቴ አልነበሩም።

በግንቦት መጨረሻ ጎማዎቹ አለቁ። ጥርሳቸው ጠፍቶ ልሙጥ ሆኑ፣ አንደኛው ደግሞ ድንጋይ ላይ ፈነዳ። ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ መውጫ ላይ የጭነት መኪኖች ቁልቁለቱን ከመጀመራቸው በፊት ጎማ የሚያስፈትሹበት አንድ ጎሚስታ አለ። መኪናዋን ዞሮ አያት። ቸርኬዋ ትልቅ ነው፣ ጎማዋ ደግሞ ቀጭን፤ ለአስፋልት እንጂ ለእኛ መንገድ አልተሠራችም። የፒክአፕ ጎማ ይገጥምላት እንደሆነ ጠየቅኩት። «ይገጥማል፤ መሪ ሲያዞሩ ግን ጭቃ መከላከያዋን ይበላዋል» አለና «መምህር፣ ጎንደር ይሂዱ። እኔ የጭነት ሰው ነኝ» ብሎ አሰናበተኝ።

ጎንደር ሻጩ ሁለት ዓይነት አወጣልኝ። አንደኛው ስሙን ሰምቼው የማላውቅ አዲስ ጎማ ሲሆን ስፋቱም ከልኩ አንድ ቁጥር ያንሳል። ሌላኛው ልኩ ነው፣ ስሙም የታወቀ ነው። ቆማ ከቀረች መኪና የተፈታ ነው እንጂ አልተነዳበትም አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ፀጉር የመሰለ ላስቲክ ገና አልተላጨም። እኔ ግን በሻጭ ቃል የምታለል ሰው አይደለሁም። መነጽሬን አደረግኩና ተንበርክኬ ጎኑ ላይ የታተሙትን አራት ቁጥሮች ፈለግኩ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተሠራበትን ዓመት እንደሚናገሩ አውቃለሁ። አሥራ ስድስት ይላል። «የዓምና ነው» አለ ሻጩ። የዓምና ነበር። አራቱንም ወሰድኩ፣ ቁጥሩን ራሴ በማንበቤም መንገዱን ሁሉ ኮራሁ።

የመጀመሪያው እሑድ ጉም ነበር። በእኛ አገር ክረምቱ ሊገባ ሲል ጉሙ ከገደሉ ሥር ይወጣና እኩለ ቀን ላይ መብራት ያስበራል። አባቴ እንደ ልማዳቸው ከኋላ በስተቀኝ ተቀመጡ። የዳባትን የመጨረሻ ቤቶች አልፈን ፍጥነቴ አርባ ሲደርስ አንድ ድምፅ ተሰማኝ። ሬዲዮ መሰለኝ፤ ሬዲዮው ግን ጠፍቷል። ዝቅ ያለ፣ ከከንፈር የማይወጣ ድምፅ ነው፤ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይወስዳል፣ እንደገና ይጀምራል። ምን እንደሆነ ሲገባኝ መላ ሰውነቴን ወረረኝ። እናቴ ጎሕ ሲቀድ ጸሎቷን የምታነበንበው ልክ እንደዚያ ነበር።

«ትሰማለህ?» አሉኝ አባቴ።

«ምኑን?»

«እናትህን።»

በመስታወቱ አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ዓመት ሙሉ ያላየሁት እርጋታ ነበር። «ጎማው ነው አባባ። አዲስ ጎማ ይጮሃል» አልኳቸው።

«ጎማ ነው አይደለም አላልሁህም። ትሰማለህ ወይ ነው ያልሁህ።»

«አልሰማም» አልኩ፤ እየሰማሁ።

ለምን እንደዋሸሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። አዎ ካልኩ ከዚያ በኋላ የምቆምበት መሬት አይኖርም። ደግሞስ የሃያ ዓመት መምህር፣ ድምፅ ማለት ርግብግቢት ነው እያለ ኖሮ፣ እናቴ ከወንበር ሥር ታነበንባለች ብሎ ለማን ያወራል?

የዚያን ቀን አባቴ ደባርቅ ላይ ሽሮ አዘው ጨርሰው በሉ። በሚቀጥለው እሑድ ስለ ወጣትነታቸው አወሩኝ፣ በሦስተኛው ሳቁ። እሑድ እሑድ ግን ሳይጠይቁኝ አይውሉም፤ «ትሰማለህ?» ይላሉ፣ «አልሰማም» እላለሁ። እሳቸውም ከዚያ ወዲያ አይከራከሩኝም፤ ጭንቅላታቸውን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ።

ብቻዬን ስሆን ድምፁ የለም። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ክብደት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ጎማው የሚጮኸው ሲጫን ነው። አንድ ሐሙስ ከሰዓት ግማሽ ኩንታል ገብስ አባቴ በሚቀመጡበት ላይ ጭኜ፣ እንዳይወድቅ በቀበቶ አስሬ፣ እስከ ዳባት ነድቼ ተመለስኩ። በመስታወቱ ባየሁ ቁጥር ጆንያው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ያየኛል። አንድም ድምፅ አልነበረም። ቤት ስደርስ ጆንያውን ማውረድ ፈርቼ እስኪነጋ እዚያው ተውኩት።

ሐምሌ ላይ እህቴ ደወለች። አባቴ ራሳቸው በስልክ ነግረዋታል፤ «እናታችሁ መኪናዋ ውስጥ ታነበንባለች» ብለዋታል።

«አንተስ ትሰማለህ?» አለችኝ።

«የምን መስማት!» አልኳት።

«እንግዲያው ሳቱ ማለት ነው» አለች። «ፍልሰታ ሲፈታ እመጣለሁ። አብረን በመኪናዋ እንሄዳለን። እፊቴ እሰማታለሁ ካሉ ግን በማግስቱ ይዣቸው እሄዳለሁ። ተስማምተናል።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። በዚያ ፈንታ ፍልሰታ ሊፈታ ሳምንት ሲቀረው መኪናዋን ወደ ጎሚስታው ነዳሁ፤ ድምፁን ካጠፋሁት አባቴ የሚሰሙት ነገር አይኖርም፣ እህቴም ባዶ እጇን ትመለሳለች ብዬ።

ጎሚስታው በክሪክ አነሳትና ከኋላ በስተቀኝ ያለውን ጎማ በመዳፉ እየዳሰሰ አዞረው። በውስጥ በኩል እጁ ቆመ። እኔም እንድነካው አደረገኝ፤ ላስቲኩ እንደ ቁስል አብጧል። «መምህር፣ ይህ ጎማ ስንት ዓመቱ ነው?»

«የዓምና ነው። እየው፣ አሥራ ስድስት ይላል።»

ቁጥሩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። «ፈረንጅ በእኛ ዘመን ይቆጥራል እንዴ?» አለኝ።

 ዘመን መቀየር ክፍል ውስጥ በየዓመቱ የማሰላው ነገር ነው፤ በእኛ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ይጨመራል፣ ከእነሱ ላይ ያው ይቀነሳል። የዓምና ብዬ የገዛሁት ጎማ ከስምንት ዓመት በላይ ቁጭ ብሎ የደረቀ ነበር። ሻጩም ሆነ እኔ ላስቲኩ ላይ የእኛን ዓመት ነው ያነበብነው። እናቴ በደኅና ጊዜዋ ገበያ ትመላለስ በነበረበት ዓመት የተሠራ ጎማ ላይ አባቴን አስቀምጬ፣ ክረምቱን ሙሉ ሊማሊሞ አፋፍ ድረስ አመላልሻቸዋለሁ። 

«ውስጡ ተላቅቋል። ሰው ሲጫነው ነው የሚናገረው» አለ ጎሚስታው።

ስለ ገብሱ ነገርኩት። ጎማውን እያዞረ ብዙ አሰበ። «ገብስ እንደ ሰው አይቀመጥም» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

በዚህ ጊዜ ምርጫው አላስቸገረኝም። ስሙ የማይታወቀውን አዲሱን ጎማ ከጎንደር በአይሱዙ አስመጣሁ። ጎሚስታው ዓመቱን በፈረንጅ ቆጥሮ፣ የሚችለውን ክብደት አንብቦ፣ «ስፋቱ ትንሽ ቢያንስም ቸርኬው ይይዘዋል። ስም አያድንም፤ የሚያድነው አዲስነቱ ነው» ብሎ አራቱንም ገጠመ። አሮጌዎቹን ማንም እንዳይጠቀምባቸው በመጋዝ ቁረጥልኝ አልኩት። ሦስቱን ሲቆርጥ አጠገቡ ነበርኩ፤ አራተኛው ጋ ሲደርስ ወጥቼ መንገድ ላይ ቆምኩ።

ፍልሰታ በተፈታ በመጀመሪያው እሑድ እህቴ መጣች። ከኋላ ከአባታችን ጎን ተቀመጠች። ጉሙ ያን ቀን ጥቅጥቅ ያለ ነበር፤ ከፊታችን የሚሄዱት በጎች የሚታዩት አጠገባቸው ስንደርስ ነው። የመጨረሻዎቹን ቤቶች አለፍን። ሠላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ። ምንም የለም። ከዝናብ መጥረጊያው በቀር መኪናዋ ውስጥ ምንም አይሰማም። ደስ ሊለኝ ሲገባ እናቴ ሁለተኛ የሞተች መሰለኝ።

«አባባ» አለች እህቴ በለሰለሰ ድምፅ፣ «አሁን እናታችንን ይሰሟታል?»

አባቴ ወደ እሷ አልዞሩም። በመስታወቱ ውስጥ እኔን አዩኝ። «አልሰማም» ይበሉ ስል በዓይኔ ለመንኳቸው።

«እሰማታለሁ» አሉ።

እህቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እያለቀሰች መሆኑ ከትከሻዋ ይታወቃል። «በቃ። ነገ ልብሳቸውን አሰናዳለሁ» አለችኝ።

አባቴ አሁንም ያዩኛል። ምንም አላሰብኩም፣ አፌ ብቻ ነው የተናገረው። «እኔም እሰማታለሁ።»

«ምን አልክ?»

«ከሰኔ ጀምሮ እሰማታለሁ። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። መንገድ ዳር ያለው ቤተ ክርስቲያን ጋ ስንደርስ ዝም ትላለች፤ ካለፍነው በኋላ ካቋረጠችበት ትቀጥላለች። ፍጥነቴን ሳልቀንስ።»

እህቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እናታችን ቤተ ክርስቲያን ሳትሳለም አልፋ እንደማታውቅ ለእሷ መንገር አያስፈልግም። ጆሮዋን ሰጥታ ቆየች። ምን እንደሰማች አላውቅም፤ አቁም አለችኝ። ጉሙ ውስጥ ወርዳ ቆመችና ስትመለስ የኋላውን በር ትታ ከፊት፣ ከእኔ አጠገብ ተቀመጠች። መኪናዋን ወደ ዳባት መለስኩ። ከሰዓት በኋላ በራሷ መኪና ወደ ጎንደር ስትነሳ «ቤቱንም መኪናዋንም ጠበል አስረጩ» ብላ ሁለታችንንም ስማን ሄደች። አንድ ሰው ቢሰማ በሽታ ነው፤ ሁለት ሰዎች ከሰሙ ግን የቄስ ጉዳይ ይሆናል።

አባቴ ያቋረጥነውን መንገድ እንጨርስ አሉ። አሳፈርኳቸው። ጉሙ ሳስቷል፣ መኪናዋ እንዳዲስ ዝም ብላለች። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ሞተሩን አጠፋሁና ሳልዞር «አባባ፣ ጎማውን ቀይሬዋለሁ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ከሰፈር እንደወጣን ነው ያወቅሁት። ዛሬ አልነበረችም።»

«ታዲያ ለምን እሰማታለሁ አሉ? ሊሄዱ ነበር እኮ!»

«እሰማታለሁ ካሉ ይዤዎት እሄዳለሁ ብላ እህትህ ራሷ ነግራኛለች፤ የተደበቀኝ ነገር የለም።» ዝግ ብለው ነበር የሚናገሩት። «ክረምቱን ሙሉ ጠየቅሁህ፣ ክረምቱን ሙሉ አልሰማም አልኸኝ። አንተ ዋሽተህ አታውቅም፣ ስለዚህ አብጃለሁ አልሁ። ዛሬ እሰማታለሁ ያልሁት አንተ ምን እንደምትል ላይ ነው፤ ዝም ብትል ኖሮ ማበዴ እውነት ነው ብዬ ከእህትህ ጋር እሄድ ነበር።» ከፊት ለፊታችን አንድ የጭነት መኪና ፍሬኑን እያስጮኸ ቁልቁለቱን ጀመረ። እስኪርቅ ጠበቁ።

«ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ዝም ማለቷን እኔ ለሰው ተናግሬው አላውቅም፤ አንተም ስትሰማት ኖረሃል» አሉ። «መኪናዋ ውስጥ በነበረችበት ቀን ሁሉ ካድሃት፣ በሌለችበት ቀን መሰከርህላት። ምን አደረግሁህ፣ ልጄ?»