የእናታችን ሙጫ ዶቃ

ያን ክረምት ኮልፌ ያለው ቤታችን ጓሮ ወንዙ ሞልቶ ገባና የሟች እናታችንን የዕቃ ሣጥን ይዞት ሄደ። እህቴ ያለቀሰችው ግን ውስጡ ለነበረ አንድ ቢጫ ዶቃ ብቻ ነው። አምበር የሚሉት ነው፤ እናታችን «ሙጫ ዶቃ» ነበር የምትለው። ድሮ ከዛፍ ፈስሶ የደነደነ ሙጫ ነው፣ ሕፃን አንገት ላይ ከታሰረ ክፉ አያስነካም እያለች ከሸዋ ይዛው መጣች። እኔም እህቴም አንገታችን ላይ አስረነው ነው ያደግነው።

እህቴ ጴንጤ ከሆነች በኋላ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናታችን ዶቃውን ይዛላት ሄደች። «እማዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቤቴ አይገባም» ብላ መለሰቻት። ልጁ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ሐኪሞቹም ይሄ ነው ያሉት ነገር የለም። እናታችን አንድም ቀን ነገር አላነሳችባትም፣ እህቴ ግን ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ ትላለች። ኧረ ተይ ብንላት፣ ፓስተሯ ቢመክራት፣ ወይ ፍንክች!

ያን ክረምት ደግሞ እንደገና ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የመውለጃዋ ወር ገብቶ ነበር። ዝናቡ ጋብ እንዳለ ወንዙ ዳር ወርዳ አሸዋ ስትጭር አገኘኋት።

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል? እዚሁ ልትወልጂ ነው?»

ቀና ብላም አላየችኝ። ምን ላድርግ፣ እየተነጫነጭኩ ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁ። ከላይ ከጋራዦቹ የወረደ ዘይት፣ የላስቲክ ክዳን፣ የጠርሙስ ስባሪ፤ ቢጫ ነገር ባየን ቁጥር ልባችን ይዘላል። ሽታውስ፣ አይነሳ! አላፊ አግዳሚው ድልድዩ ላይ ቆሞ «ወርቅ ተገኘ እንዴ?» እያለ ያሾፍብናል።

በማግስቱ ዶቃውን ክሩ ከዛፍ ሥር ጋር ተጠላልፎ አገኘሁት።

«ይኸውልሽ!»

አገላብጣ አየችው። «ጋሽዬ፣ እኔን ለማጽናናት ከመርካቶ ገዝተኸው እንዳይሆን።»

በሕፃንነቴ ነክሼ ያሰረጎድኩትን ቦታ አሳየኋት። እሱ መሆኑን አመነች፣ ልቧ ግን አልረጋም። ቤት ገብታ መርፌ አጋለች። የእናታችን አገር ሰዎች የሚለዩት እንዲያ ነው፤ እውነተኛ ሙጫ ዶቃ በጋለ መርፌ ሲነካ እንደ እጣን ይሸታል።

የሸተተን የተቃጠለ ፌስታል ነው።

ከመጀመሪያውም ላስቲክ ነበር፤ እናቴ ምስኪን አታውቅም። እኔ ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። «እሰይ! አየሽ? ማንንም ያዳነ ነገር የለም፤ አንቺም ምንም አላጠፋሽም። በቃ፣ ተገላገልሽ!» አልኳት።

መርፌውን እንደያዘች ፈዛ ቀረች። እንደዚያ ያለ ፊት የልጇ ቀብር ቀን እንኳ አላየሁባትም።

«ታዲያ ልጄ በምን ሞተ?» አለችኝ።