ስም አይጠሬው ቅጠል

ልጅ ሳለሁ ተረት መስማት አልወድም ነበር። ይህን ስናገር ሰዎች ይገረማሉ፤ ተረት የማይወድ ልጅ አለ እንዴ ይሉኛል። እነሱ የጋሼ በየነን ተረት አልሰሙማ!

ጋሼ በየነ የእናቴ አጎት ናቸው። እናቴ ከኢትዮጵያ ወደ ሎስ አንጀለስ አስመጥታቸው ከፌርፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ባለው አፓርታማችን አብረውን ይኖሩ ነበር። እሷ ሊትል ኢትዮጵያ በሚባለው ሰፈር ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ወጥ ቤት ስለምትሠራ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዋ እስኪያልቅ የምቆየው በምግብ ቤቱ ጓሮ ከጋሼ ጋር ነው። ጓሮው ከመኪና ማቆሚያው የሚለየው በሽቦ አጥር ሲሆን፣ ሥጋ የሚጠበስበት የከሰል ምድጃና ከበሩ በላይ ብልጭ ድርግም የምትል አንዲት አምፖል ነበሩት። ያኔ፣ አመሻሹ ላይ፣ ፍሙ እየደመቀ ሲሄድና ስቡ እየተንጠባጠበ የሚያስነሣው ጭስ ዐይናችንን ሲያቃጥለን፣ ጋሼ በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጠው፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ይጀምሩ ነበር።

ተረታቸው ውስጥ ሁልጊዜ አንድ መድኃኒት ዐዋቂ አለ። ሰውየው እባብ የነደፈውን፣ ውሻ የነከሰውን፣ ሆዱ የተነፋውን ሁሉ የሚያድን ቅጠል ያውቃል። ቅጠሉን የሚቆርጠው ፀሐይ ሳትወጣ፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ነው፤ ስሙንም ለማንም አይነግርም። ሚስቱ «እኔን ካላመንክ ማንን ልታምን ነው?» ብላ ታለቅሳለች፤ እሱም ልቡ ይራራና ስሙን በጆሮዋ ይነግራታል። በነጋታው ያ ቅጠል ከሣር አይሻልም፤ በሽተኛው ይሞታል። አንዳንድ ቀን በሚስቱ ፈንታ ወንድሙ ይገባል፣ አንዳንድ ቀን መነኩሴ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ጅብ ነበር። መጨረሻው ግን ያው ነው፤ ስሙ ይጠራል፣ መድኃኒቱ ይረክሳል፣ ሰው ይሞታል።

«ቅጠሉ ምን ነበር?» እላለሁ።

«እሱማ አይነገርም።»

«አንተ ግን ታውቀዋለህ?»

«‹አንተ› አትበይኝ። ‹እርስዎ› በይ።»

«እሺ፣ እርስዎ ታውቀዋለህ?»

ጋሼ ወደ ሰማይ ያዩና በረጅሙ ይተነፍሳሉ፤ እኔም እተነፍሳለሁ። ዋናውን ነገር የማይናገር ተረት ለምን ይተረታል? ደሜ ይፈላ ነበር።

ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ራዳ የሚባሉ የደቡብ ሕንድ ሴት ይኖሩ ነበር። በራቸው ላይ፣ በትልቅ የሸክላ ማሰሮ፣ ቁመቷ እኔን የሚያህል ተክል ነበረቻቸው፤ ቅጠሏ ቀጠን ያለና የሚያብለጨልጭ፣ በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ የተሰደረ፣ ሲያሹት ሎሚም እጣንም ያልሆነ ሽታ የሚሰጥ። የካሪ ቅጠል ይባላል። በጠርሙስ ከሚሸጠው ቢጫ የካሪ ዱቄት ጋር ስም እንጂ ሌላ አያገናኘውም፤ ይህን ለስንት ሰው እንዳስረዳሁ የማውቀው እኔ ነኝ። እማማ ራዳ ዘይት ሲግልላቸው ከሰናፍጭ ፍሬ ጋር ጣል ያደርጉታል፤ ይንጣጣና ደረጃው ሁሉ በመዓዛው ይሞላል። ምስር ላይ ያደርጉታል፣ ሩዝ ላይ ያደርጉታል፣ ከኮኮናት ጋር ፈጭተው ማባያ ይሠሩበታል፤ በሙቀት ቀን ደግሞ በተበጠበጠ እርጎ ውስጥ ቀንጥሰው ይጠጡታል።

አንድ ቀን እማማ ራዳ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ምስር ይዘው መጡ። ጋሼ የስኳር በሽታ እንዳለባቸው እማማ ራዳ ያውቁ ነበር፤ ራሳቸውም አለባቸው። «በእኛ አገር ስኳር ያለበት ሰው ጠዋት በባዶ ሆዱ ጥቂት ቅጠል ያኝካል። እናቴም ታኝክ ነበር። ለሆድም ጥሩ ነው ይላሉ፣ ለጸጉርም። እኔ አኝክና ክኒኔን ደግሞ ከሻይ ጋር እውጣለሁ» አሉ። እኔ አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩ። ጋሼ የሰሙት ግን ግማሹን ነው።

«ጠዋት ነው ያለችው?»

«አዎ።»

«በባዶ ሆድ?»

«አዎ። ክኒኑንም...»

«በቃ!» አሉኝ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። «ከእንግዲህ የዚህን ቅጠል ስም እንዳታነሺ። ለእናትሽም ቢሆን። አደራ!»

እማማ ራዳ የፈለጉትን ያህል እንዲቆርጡ ፈቀዱላቸው፤ የእኔም መከራ ያኔ ጀመረ። ጋሼ ንጋት ላይ ተነሥተው፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ ወርደው፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ይቆርጣሉ። ችግሩ ይህ ሎስ አንጀለስ መሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ሥራ የሚወጣው ጎረቤት ሁሉ «ጉድ ሞርኒንግ!» ይላቸዋል። ካልመለሱ ነውር ነው፤ ከመለሱ ደግሞ የዚያ ቀን መድኃኒት ከሸፈ። ባዶ እጃቸውን እየተመለሱ ጎረቤቱን ሁሉ በአማርኛ ይረግማሉ። በመጨረሻ መላ አገኙ፤ የእኔን ሮዝ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው መውረድ ጀመሩ፤ ሙዚቃ የሚሰማ ሰው ማንም ሰላም አይልም። እኔ በአውቶቡስ ውስጥ ማዳመጫዬን ባደረግሁ ቁጥር ቅጠል ቅጠል ይሸተኝ ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን በታገሥኩት። አንድ ቀን ፍሪጅ ውስጥ እርጎ ፈልጌ የእርጎውን ዕቃ ብከፍት በክኒን ተሞልቷል። የጋሼ የስኳር ክኒን ነው፤ በየቀኑ ይውጡታል ብለን የምናምነው።

«ለአስካለ ነው» አሉኝ ሳይደነግጡ። እትዬ አስካለ ደብረ ብርሃን ያለች እህታቸው ናት፤ እሷም ስኳር አለባት፣ ክኒኑንም እንደ ልብ አታገኝም። «ሁለት መድኃኒት ባንድ ሆድ ይጣላል። እኔ ቅጠሌ አለኝ። እሷ ምን አላት? ሰው ሲሄድ እልክላታለሁ።»

ምን ይባላል? ሰውየው ክፉ ቢሆኑ እኮ ይቀለኝ ነበር። ደግነታቸው ራሱ አንጀት ያሳርራል። አደራ ብለውኛል፤ አደራ ደግሞ በእኛ ቤት ቀልድ አይደለም። ዝም አልኩ። ዝም ባልኩባቸው ሳምንታት ግን ጋሼ ማየት እያቃታቸው መጣ። ጓሮ ተቀምጠን ቃሪያውን ቆስጣ መስሏቸው ሙሉውን ጎርሰው እንባቸው ሲወርድ ሁሉም ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም።

የሐኪም ቀጠሮ ሲደርስ እናቴ ሚድ ዊልሻየር ወዳለው ክሊኒክ በመኪና አደረሰችን። «ፓርክ ማድረጊያ የለም፣ እኔም ሺፍት አለብኝ፤ አንቺ አስተርጉሚላቸው፣ ኦኬ?» ብላኝ ሄደች። ክሊኒኩ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው አቅርቦ ነበር፤ ጋሼ ግን «የማላውቀው ሰው ገመናዬን ሊሰማ?» ብለው እንቢ አሉ። ስለዚህ ገመናቸው የእኔ ሆነ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። የጋሼ ስኳር እንደጨመረ፣ ከዐይናቸው ጀርባ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች መጎዳት እንደጀመሩ፣ በዚሁ ከቀጠለ ብርሃናቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ ረጋ ብላ ነገረችን። ተረጎምኩላቸው። «ክኒኑ የሠራ አይመስልም፤ ወደ መርፌ ልንሄድ ነው። በየቀኑ ይወስደዋል?» ብላ ጠየቀች።

«እወስዳለሁ በያት» አሉ ጋሼ።

«እወስዳለሁ ይላል» አልኳት።

«ሌላ የሚወስደው ነገርስ? ሻይ፣ ቅጠል?»

«የለም በያት።»

«የለም ይላል።»

ሐኪሟ ሞኝ አልነበረችም። ወንበሯን ወደ እኔ አዞረችና «እሱ የሚለውን ሰማሁ። አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለችኝ።

ጋሼ ምን እንዳለች ባይገባቸውም ፊቴን አይተው ነገሩ ገባቸው። «አደራ» አሉ በቀስታ። አሁንም ድረስ ያን ጊዜ ሳስታውሰው እናደዳለሁ። ዐይን ሊጠፋ ነው እየተባለ አደራ! ጅቡ፣ መነኩሴው፣ የዐዋቂው ሚስት ሁሉ ተሰብስበው አፌን የያዙኝ መሰለኝ፤ ያኔ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ካሪ ሊፍ!» ብዬ ጮህኩ። «ካሪ ሊፍ ነው የሚበላው! ክኒኑን አይውጥም፣ እርጎ ዕቃ ውስጥ ነው ያለው፣ ለእህቱ ሊልከው ነው!»

ከጠቅላላው እንግሊዝኛ ጋሼ የለዩት ያችን ስም ብቻ ነበር፤ ያችው በቃቻቸው። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «ጠራችው! ሐኪም ቤት ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ጠራችው!»

ሐኪሟ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ቅጠሉ ጥሩ ምግብ እንደሆነ፣ ቪታሚንና አሰር እንዳለው፣ ስኳር ይቀንስ እንደሆነ የሚያጠኑ ሰዎችም እንዳሉ ተናገረች። «እስካሁን በምናውቀው ግን ክኒንን የሚተካ ነገር አይደለም። ወጥ ውስጥ ይብላው፣ ክኒኑንም ይዋጥ» አለች። ለእሱ የታዘዘ ክኒን ለሌላ ሰው መላክም እንደማይገባ ጨመረች። ጋሼ ግድግዳውን እያዩ ነበር።

እናቴ ሥራዋን ጨርሳ መጥታ ስትወስደን ሁሉንም ነገርኳት። ጋሼ ከኋላ ወንበር ለመስኮቱ «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አሉት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል እኮ፣ ጋሼ» አለች እናቴ።

«መድኃኒቱማ ተገኝቶ ነበር! ይቺ ናት ያበላሸችብኝ!»

በነጋታው ጠዋት ጋሼ ወደ ታች አልወረዱም። ማዳመጫዬ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ቅጠሉ ረክሷል፤ ከእንግዲህ ቢያኝኩት ሣር ነው። የቀራቸው ክኒን ብቻ ስለሆነ እንደተበደለ ሰው ፊታቸውን አጨፍግገው ዋጡ። የሐኪም ምክር አይደለም ያስዋጣቸው፣ የዐይናቸው ነገርም አይደለም፤ ስሙ ስለተጠራ ነው። እናቴም ለእትዬ አስካለ እዚያው አገር ቤት ክኒኑን የምታገኝበትን መላ ፈለገችላት።

ምስጢርነቱ ሲያበቃ ቅጠሉ ወደ እናቴ ድስት ገባ። ከእማማ ራዳ ዘንጉን ትቀበልና ቅጠሉን ወደ ታች ሸምጥጣ፣ አጥባ፣ ውኃውን በጨርቅ አድርቃ፣ የጋለ ዘይት ላይ ጣል ታደርገዋለች፤ ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ ምስሩን። ቅቤ በሌለበት በጾም ቀን ያ ሽታ የቅቤውን ቦታ ሸፈነላት፤ ረቡዕና ዓርብ የሚመጡ ደንበኞች «ዛሬ ምስሩ ውስጥ ምን ገባ?» ይሉ ጀመር። የተረፈውን እንዳይደርቅ ፍሪዘር ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ የደረቀው ሽታ የለውም። በኮኮናት ዘይት አፍልታም ጸጉሬን ትቀባኝ ነበር፤ ጸጉሬ ይብዛ አይብዛ አላውቅም፣ ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ግን ቀነሰ። ጋሼ መጀመሪያ ቅጠሉን ከምስሩ እየለቀሙ ሳህን ዳር ይደረድሩት ነበር። ቆይተው መልቀም ተዉ፤ ከዚያ ድጋሚ ማስጨመር ጀመሩ።

ወራት አለፉና ስኳራቸው ወረደ፤ ሐኪሟም የዐይናቸው ጉዳት ባለበት እንደቆመ ነገረችን። ጋሼ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ቅጠሉ ጀምሮልኝ ነበር እኮ። ስሙ ባይጠራ ኖሮ በሽታው እስካሁን ከነሥሩ ተነቅሎልኝ ነበር።» እናቴ ክንዴን ባትይዘኝ ምን እንደምላቸው እንጃ።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። አንድ ምሽት ጓሮ ውስጥ፣ ፍሙ ፊት፣ ሦስት አራት ልጆች በተቀመጡበት፣ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው «አንዲት አፏን መያዝ የማትችል ልጅ ነበረች» ብለው ጀመሩ። ጅቡም፣ ሚስትየውም፣ መነኩሴውም ከሥራ ተባረው ቦታቸውን ለእኔ ለቀዋል። ልጅቱ ስሙን ትጠራለች፣ ቅጠሉ ይረክሳል፣ ምስኪኑ ሽማግሌ ይሞታል። ልጆቹ ዞር ብለው በጥላቻ አዩኝ።

«አልሞትክም እኮ!» ብዬ ተነሣሁ። «ይኸው ምስር እየበላህ ነው!»

«ተረት ነው» አሉኝ ሳይቸገሩ። «በተረት አንድ ሰው መሞት አለበት፤ አለበለዚያ ማን ይሰማኛል?»

እኔ አድጌያለሁ፤ ተረቱም ከእኔ ጋር አድጓል፤ በየዓመቱ አዲስ ኃጢአት ይጨመርልኛል። ዛሬ በየስልኩ የካሪ ቅጠል ስኳር ያጠፋል፣ ጸጉር ያበቅላል፣ ጉበት ያጥባል የሚል ሰው ሞልቷል፤ ዘመዶቼም እየደወሉ «አንቺ ታውቂያለሽ፣ ለምንድን ነው የሚጠቅመው?» ይሉኛል። «ለምስር» እላቸዋለሁ። ይቀየሙኛል፤ ይቀየሙ። ከዚያ ሁሉ ምሽት በውስጤ የቀረው ይኸው ቁጣ ነው፤ ሰው የሚወደውን ሰው በተረት አስሮ ዝም ሲያሰኝ የሚነሣብኝ ቁጣ።

ባለፈው እሑድ በፌርፋክስ ስሄድ ጋሼ ከመንገዱ ማዶ፣ ከምግብ ቤቱ ደጃፍ፣ በልጆች ተከበው ተቀምጠው አየኋቸው። መኪናው ይተራመሳል፣ ፀሐይዋም ፊት ለፊታቸው ነበረች። እኔ ኮፍያ አድርጌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ እንዳያዩኝ በፍጥነት እየተራመድኩ ነበር። ጋሼ ብድግ ብለው ከዘራቸውን ወደ እኔ ቀሰሩና መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ ጮሁ፦

«ያቻት! እሷ ናት!»

ልጆቹ ሁሉ አፍጥጠው አዩኝ። ተናድጄ፣ አፍሬ፣ እንባዬ እየመጣ ቆምኩ። ያን ሁሉ መንገድ አሻግረው፣ በዚያ ዐይናቸው፣ ለይተውኛል።