ጉንጭ ያወጣው ጭራቅ አዳኝ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሊዲያ ጄኔቫ አጠገብ ቨርሷ በምትባል ከተማ ባለችው ጠባብ ሳሎናችን ውስጥ ኮምፒውተሯ ላይ ተተክላ ጭራቅ አዳኝ ስትፈጥር ዋለች። ጨዋታ ነው። አዳኙ ጭራቆቹን ለመግጠም መድኃኒት ይጠጣል፤ በጠጣ ቁጥር ደግሞ መልኩ ይለወጣል። አንድ ብልቃጥ ስታጠጣው ዓይኑ ነጣ። ሌላ ስትጨምርለት የአንገቱ ደም ሥር ጠቆረና ፀጉሩ ረገፈ።

«ባባ፣ ሬጋርድ!» አለችኝ ዞር ብላ፤ «እይ» ማለቷ ነው። «ብዙ ሲጠጣ ብዙ አስቀያሚ ይሆናል። ሰዎቹ ይፈሩታል። ትሪስት ነው፣ አይደል? ያሳዝናል።»

«ያሳዝናል» አልኳትና ኩሽና ገብቼ ጀርባዬን ሰጠኋት። እኔ የማውቀው ጭራቅ አዳኝ በጠጣ ቁጥር የሚያምር ነበር። የሳለውም ጓደኛዬ ሚኪያስ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ይኸው ስንት ዘመኑ፤ አሁንም ስሙን ስጠራ ከማዘኔ ይልቅ መናደዴ ይቀድማል።

ሚኪና እኔ የጉለሌ ልጆች ነን። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በመጣው ጣጣ አገር ጥለን ወጣንና፣ ስንቱን አልፈን ስዊዘርላንድ አብረን ገባን። አብረን ግን አላስቀመጡንም። እዚህ ጥገኝነት ጠያቂን በየካንቶኑ ያድሉታል፤ ካንቶን እንግዲህ እንደኛ ክልል በለው። «ወንድማማች ናችሁ?» ሲሉን እንደ ሞኝ እውነቱን ተናገርንና እኔን ጄኔቫ፣ እሱን ዙሪክ መደቡን። እኔ ለዛቫንሼ በሚባለው የፎቅ መንደር ከሦስት ሶማሌዎች ጋር አንድ ቤት ገባሁ። እሱ አልትሽቴተን የሚባል የዙሪክ ሰፈር ደረሰውና ከሰዓት በኋላ በዚያው አካባቢ ቢሮ ያጸዳ ጀመር። ገንዘብ ባገኘሁ ቁጥር ባቡር ተሳፍሬ እሱ ጋ እሄዳለሁ። የኅዳር ጉም ከሎዛን ማዶ አገሩን ሁሉ ስለሚውጠው ያን ሁሉ መንገድ በመስኮት የማየው የራሴን ፊት ነበር።

ሚኪ እጁ ወርቅ ነው። ከሚያጸዳቸው ቢሮዎች አንድ ፊቱ የታተመበት ውራጅ ወረቀት ያመጣና በጀርባው ይስላል። ታሪኩን እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይስላል። የአዳኛችን ስም ነብሮ ነበር። አብረውት በሚኖሩት የሐበሻ ልጆችና በቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ዘንድ ነብሮ ታዋቂ ሰው ሆነ፤ «ቀጣዩስ?» እያሉ ይነዘንዙን ነበር።

መጀመሪያ ላይ ነብሮም እንደ ሊዲያ አዳኝ የሚያስፈራ ነበር። ጨለማ ውስጥ ለማየት የሚጠጣው ዓይኑን የድመት ዓይን አደረገበት፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይ አይችልም። ቁስል የሚያደርቀው ቆዳውን እንደ ወይራ ቅርፊት አሻከረው። ጉልበት የሚሰጠው ደግሞ ሥጋውን መጦ አጥንቱን ብቻ አስቀረው። ያዳናቸው ሰዎች ሲያዩት በር ይዘጋሉ። እናቱም በሯን እንድትዘጋበት የወሰነው ሚኪ ነበር። እኔ «እናት በድምፁ ታውቀዋለች» ብዬ ተሟገትኩ።

«አታውቀውም» አለ። «ሰው የሚያምነው ያየውን ነው።»

በዚያው የፈረንጅ ክረምት ሚኪ ራሱ ከሳ። ፊቱ ገረጣ፤ እግሩ ግን አብጦ ጫማ እምቢ አለው። ሐኪም ቤት ሲሄድ ኩላሊቱ ነው አሉት። ይህን እኔ ገና ሳልሰማ እናቱ እትዬ በላይነሽ በኢንተርኔት ቤት ካሜራ አይተውት ኖሮ እዬዬ ብለዋል። ያን ጊዜ አገር ቤት የከሳ ሰው ሁሉ የሚጠረጠረው በአንድ በሽታ ነበር። ስሙን የሚጠራው የለም፤ «ያ ነገር ይሆን?» ይባላል፣ አለቀ። ካሜራው ፊት አብራቸው የተቀመጠች ጎረቤት ወሬውን አዳረሰችው። እትዬ በላይነሽ እድር መሄድ ተዉ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ በማለዳ ደርሰው ሰው ሳይበዛ ይመለሱ ነበር።

በሚቀጥለው ስሄድ ዙሪክ ባቡር ጣቢያ አጠገቡ አልፌው ሄድኩ። ሳላውቀው ነው እኮ! ክንዴን ያዝ ሲያደርገኝ ደነገጥኩ። ፊቱ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ብሏል፤ ጉንጩ ሞልቶ ዓይኑን ሊውጠው ደርሷል።

«ውይ! አንተ ልጅ ወፍረሃል! ተመችቶሃል!» አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀ። «አንተም? መድኃኒቱ ነው እባክህ። ለኩላሊቱ የሰጡኝ ክኒን ፊት ይነፋል።»

ቤቱ ገብተን ሲያወልቅ አየሁት። ከወገቡ በላይ ሌላ ሰው ነው፤ እግሩ የቀድሞው እብጠት ጎድሎ እንጨት ሆኗል። ጨው ከልክለውታል። ያለ ጨው የሠራት ሽሮ አፍ ላይ እንደ አፈር ነበረች፤ እሱ ግን ክኒኑ እያስራበው አንድ ሙሉ ዳቦ በሷ ጨረሰ። በማግስቱ እሑድ ጉባኤያቸው ሄድን፤ አንድ አዳራሽ ተከራይተው ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰቡ ጥቂት ጴንጤዎች ናቸው። በደጉም በክፉውም የሚደርሱለት እነሱ ነበሩና ክፉ አልናገራቸውም። የወጣቶቹ እናት የምትባለው እህት አልማዝ ሁለት ጉንጩን በሁለት እጇ ይዛ «ጌታ ይመስገን! ስዊዝ ገና አሁን ተስማማችህ!» አለች። በሽታውን ነግሯታል። «ኩላሊት የታመመ ሰው እንዲህ ያምርበታል? ድነሃል እንጂ!» ብላ እልል አለች። አይ የኛ ሰው!

ሚኪ ያንኑ ፊቱን ፎቶ ተነስቶ ለእናቱ ላከ። እትዬ በላይነሽ ፎቶውን ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። ያቺ ወሬኛ ጎረቤትም አየች፣ አፏን ያዘች። ጎረቤት ጠርተው ዳቦ ደፍተው «ጠላቴ ይፈር» አሉ። ወደ እድራቸውም ተመለሱ። ይህን ሲያወራኝ ሚኪ እንባው መጣ። በስደት ያገኘነው ለእናት የሚላክ ደስታ ያ ፊት ብቻ ነበር፤ እሱም እብጠት ነው።

ከዚያ በኋላ ነብሮ ተለወጠ። ሚኪ አዲስ የሳላቸውን ሲያሳየኝ ነብሮ መርዝ በጠጣ ቁጥር ጉንጩ ይሞላል፣ ቆዳው ያበራል። መንደሩ በእልልታ ይቀበለዋል። ውስጡ ብቻ ነው የሚበሰብሰው።

«ጀግና መርዝ ጠጥቶ ያምራል እንዴ?» አልኩት።

«የኛን ሰው የሚያስፈራው ክሳት ነው እንጂ ውፍረት መቼ አስፈርቶት ያውቃል?» አለኝ። «ጭራቁ ራሱ ወፍሮ ቢመጣ ‹ግባ፣ ቤት ለእንግዳ› ነው የምንለው።»

ያን ቀን በሳቅ ሞትን።

መጋቢት ላይ፣ የፈረንጁ ጸደይ ሲገባ፣ ሐኪሙ ኩላሊቱ ተሽሎታል ብሎ ክኒኑን በጥቂት በጥቂቱ ይቀንስለት ጀመር። ምሥራች ነበር። ነገር ግን ክኒኑ ሲቀንስ ጉንጩም ቀነሰ። እህት አልማዝ «ሚኪዬ፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የጠፋኸው? ልዩ ጸሎት ይያዝልህ» አለችው። እየዳነ እኮ ነው! እናቱም በካሜራው አዩትና ድምፃቸው ተሰበረ። «የደበቅኸኝ ነገር አለ» አሉት። በሳምንቱ እድር ቀሩ።

ሰኔ ላይ ስሄድ ጉንጩ ተመልሶ ጠበቀኝ። እንዲያውም በዝቷል፤ አንገቱ ሥር ሻኛ የመሰለ ነገር አብቅሏል። ከትራም ማቆሚያው አጠገብ ሊንደን የሚሉት ዛፍ አብቦ አካባቢው ማር ማር ይሸታል። እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

«ሐኪሙ መልሶ ጨመረልህ?» አልኩት።

«እኔ ጨመርኩት።»

«አንተ ማን ሆነህ ነው የምትጨምረው?»

የቀደመውን ትርፍ ክኒን አልጣለም ነበር። እሱ ሲያልቅበት ደግሞ ጠፋብኝ ብሎ ሌላ አስጽፏል። ጮኽኩበት። መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ነው የጮኽኩት። «ራስህን ልትገድል ነው! ለጉንጭ ብለህ!»

«ለጉንጭ አይደለም» አለኝ ቀስ ብሎ። «እናቴ ቀና ብላ እንድትሄድ ነው። አንተ አንድ ጊዜ ትጮኻለህ፣ እሷ ግን እዚያ ሰፈር በየቀኑ ትወጣለች።»

ቢሆንም እየጎተትኩ ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኩት፣ ሁሉንም አናዘዝኩት። ሐኪሙ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ልቡ ራራ መሰለኝ፤ በድንገት ቢያቆመው አደጋ ስለሆነ ቀስ እያለ እንዲወርድ አዲስ መጠን አወጣለት። ሚኪ ማለ። መሐላውንም ጠበቀ፤ ይህን ስለማውቅ ይበልጥ ያንገበግበኛል። የዘገየው ሰውነቱ ነበር። መስከረም ላይ አንዲት ሳል ያዘችው። ትኩሳት አልነበረውም፣ ስለዚህ ጉንፋን ነው ብሎ ሥራ ገባ። ያ ክኒን ለካ የሰውነትን በሽታ መከላከያም ያዳክማል፣ ትኩሳቱንም ይደብቃል። ሳንባው ተይዞ ኖሮ ሆስፒታል ሲደርስ አልቆለት ነበር። ደውለውልኝ ከጄኔቫ ስደርስ ነጭ አንሶላ ላይ ተኝቷል፤ ፊቱ እንዳበጠ፣ ክብ እንዳለ፣ እንዳማረበት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ያገሬ ሰው። ሚኪ መድኃኒቱን አገኘና በመድኃኒቱ በሽታውን ደበቀበት። ለዚህ ተረት ያወጣ የለም።

ለቅሶው ላይ አንድ ሺህ ጊዜ የሰማሁት ቃል «ምን አገኘው? አምሮበት ነበር እኮ!» የሚለው ነው። ገንዘብ ተዋጥቶ አስከሬኑ አገር ቤት ገባ። እኔ ወረቀት ስላልነበረኝ አልሸኘሁትም። እትዬ በላይነሽ ሳጥኑ ይከፈት ብለው እንቢኝ አሉ አሉ፤ ፊቱን ሲያዩ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው «እዩልኝ! ይሄ የታመመ ሰው ፊት ነው?» አሉ። በስልክ ኩላሊቱን፣ ክኒኑን፣ እብጠቱን ከመጀመሪያው ጀምሬ ባስረዳቸው «ተው ልጄ» አሉኝ። «ልጄን እዚያ የቀናበት ሰው መርዞታል እንጂ ታሞ አልሞተም።»

ከዚያ በኋላ አልተከራከርኳቸውም። ቢያምኑኝ ምን ሊተርፋቸው? ልጃቸው ለእሳቸው ሲል እንደሞተ ነዋ የምነግራቸው። እናደዳለሁ እንጂ በማን ላይ እንደምናደድ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። ሐኪሙ የሚገባውን አድርጓል። እህት አልማዝ ክፉ ሰው አይደለችም። «ወፍረሃል» ማለት እኛ ዘንድ ምርቃት ነው፤ ማን በምርቃት ይከሰሳል? ሁላችንም መረቅነው፣ ሞተ።

እትዬ በላይነሽ አሁን እማማ ሆነዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። በዓል በመጣ ቁጥር በጎረቤት ልጅ ስልክ እንተያያለን። ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ ስደውል ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ብዙ አዩኝ።

«አንተ ልጅ ከሳህብኝ» አሉ። «ምነው? ፈረንጅ አገር አልተስማማህም?»

«ደህና ነኝ እማማ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«ሥራማ ሚኪዬም ይሠራ ነበር። እሱ ግን ጉንጩ ሞልቶ፣ አምሮበት ነበር። የበላው ያስታውቅበት ነበር።» ትንሽ አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ለእኔ ብለው፣ በእናት አንጀት። «ለመሆኑ እሱ እዚያ ምን ነበር የሚወስደው? አንተስ ያንን ለምን አትሞክረውም፣ ልጄ?»

«እሺ እማማ» አልኳቸው። «እሞክረዋለሁ።»