አለቃዬ ባሮ ውስጥ፣ እኔ ዳር ላይ

አለቃዬ አቶ ኡጁሉ ፊታቸውን በሳሙና አረፋ ሸፍነው ባሮ ወንዝ ውስጥ እስከ ወገባቸው ገብተው ቆመዋል። እኔ ዳሩ ላይ ቀበቶዬን በሁለት እጄ ጨብጬ... ላውልቅ ወይስ ወደ ቤቴ ልሂድ እያልኩ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ።

እዚህ እንዴት እንደደረስኩ ልንገራችሁ። ጋምቤላ ክልል ሆና አዲስ በተደራጀችበት ሰሞን ነው። እኔ ከተማው ውስጥ መምህራን የሚመድብ ቢሮ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ባለቤቴ አስቴር ደግሞ እዚያው ክልል ውስጥ፣ መቲ ከተማ ታስተምራለች፣ ያውም ነፍሰ ጡር ናት። ያኔ ከመቲ ጋምቤላ ከተማ ለመምጣት ከክልሉ ወጥቶ፣ በሌላ ክልል ዞሮ መግባት ነው። ልጄ እኔ በሌለሁበት ሊወለድ ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መምህር የሚያዛውረው የራሴ ቢሮ ስለሆነ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ችግሬን አስረዳሁ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አቶ ኡጁሉም «ጥሩ ነው፣ እናያለን» አሉ። በቃ። በሚቀጥለው ስብሰባም ያው፣ ከዚያ በኋላም ያው። ሰው እንዲህ እየተስማማ እንዴት አንድ ነገር አይሠራም... አንጀቴ አረረ።

በመጨረሻ አጠገቤ የሚቀመጠው ኡመድ አዘነልኝ። ተወልዶ ያደገው እዚያው ነው፤ ቁም ነገር ሲያወራ እንኳ ይስቃል።

«አንተ ሰውዬ፣ ስብሰባ ላይ ምን ታወራለህ?»

«ታዲያ የት ላውራ?»

«ባሮ ነዋ። ፀሐይ ስትበርድ ሁላችንም እንታጠባለን፣ አንተ ብቻ ትቀራለህ። ሚስትህን የማትፈልጋት መስሎን ነበር እኮ።»

ለካ እዚያ ቢሮ ውስጥ አለቃን ሰው ፊት መለመን ነውር ነው። እምቢ ቢልህ አንተ ታፍራለህ፣ እሺ ቢልህ እሱ አዳላ ይባላል። ውሃ ውስጥ ግን ማን አለቃ፣ ማን ሠራተኛ እንደሆነ አይታወቅም።

ችግሩ እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። እኛ ጋ ገላ የሚታጠበው በጣሳ ነው፣ እሱም በር ተቆልፎ። ከአለቃዬ ጋር ራቁቴን መቆሜን እናቴ ብትሰማ ጎትታ ጠበል ታስገባኝ ነበር።

እና ዳሩ ላይ ቆሜያለሁ። ነገሩን ለማዘግየት ያህል «አዞ የለም?» አልኩ።

«አለ» አለኝ ኡመድ፣ «የቢሮ ሰው ግን አይወድም። ወረቀት ወረቀት እንሸታለን።»

ዓይኔን ጨፍኜ አወለቅኩና ገባሁ። ቢሮ ውስጥ «አቶ ኡጁሉ» የሚሉት ሁሉ እዚያ «ኡጁሉ፣ ሳሙናውን አቀብለኝ» ይላሉ። እኔ ግን አንተ ለማለት አፌ እምቢ አለኝ። እስከ አንገቴ ተዘፍቄ «እርስዎ... እርስዎ» እያልኩ ጉዳዬን ነገርኳቸው።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልክ? ትምጣ እንጂ» አሉኝና ውሃው ውስጥ ጠለቁ።

ደስታዬን ምን ልበላችሁ። በማግስቱ ጠዋት ስብሰባ ነበር። እኔ ቂሉ ብድግ አልኩና «ክቡር ኃላፊያችን ትናንት ባሮ ላይ በፈቀዱልኝ መሠረት» ብዬ ምስጋናዬን ማቅረብ ጀመርኩ።

አቶ ኡጁሉ መነጽራቸውን አስተካክለው «የትኛው ባሮ?» አሉኝና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።

የዚያን ዕለት ወንዝ የወረድኩት ከሁሉም ቀድሜ ነው። ቀበቶውም አላስቸገረኝ። አቶ ኡጁሉ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«እዚህ ራቁቴን ቆሜ አፍሬ አላውቅም» አሉኝ፣ «ዛሬ ቢሮ ውስጥ ግን ከነሸሚዜ ራቁቴን አስቀረኸኝ።»

ውሃው ውስጥ ሆኜ ላብ አሰመጠኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ ኡመድ ደንቡን አስረዳኝ። ወንዝ ላይ ያለቀ ጉዳይ ቢሮ ሲገባ እንደ አዲስ ነው የሚገባው። ባለጉዳዩ አያነሳውም፣ ሌላ ሰው ያነሳለታል። አለቃው ገና አሁን የሰማ ይመስላል፣ የተቀረው ሰው ደግሞ የሚያስብ ይመስላል። አንተም ዝም ትላለህ።

በቀጣዩ ስብሰባ ኡመድ እጁን አወጣ። «አንድ ነገር አሁን ትዝ አለኝ» አለ፣ «መቲ የምታስተምር አንዲት መምህርት አለች...»

አቶ ኡጁሉ ግንባራቸውን ቋጥረው «የማን ባለቤት ናት?» ብለው ጠየቁ። ሳቄ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነከስኩ። ታዲያ አርፌ መቀመጥ ስችል... ደንቡ እንደገባኝ ላሳያቸው ብዬ እጄን አወጣሁ።

«ባይቸኮልበት ጥሩ ነው» አልኩ፣ «መቲም መምህር ያስፈልጋታል። እኔ በበኩሌ እቃወማለሁ።»

ኡመድ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። አቶ ኡጁሉ ግን ፊታቸው በራ፤ ይሄ ደገኛ አሁን ሰው ወጣው ያሉ መሰለኝ። ተቃውሞዬ በድምፅ ብልጫ ወደቀና ዝውውሩ ጸደቀ።

አስቴር ሆዷ ገፍቶ መጣች። ከመኪናው ስትወርድ አቅፌያት አለቀስኩ። በሳምንቱ የአቶ ኡጁሉ ባለቤት «ነይ እንታጠብ» ብለው ሴቶቹ ወደሚታጠቡበት ዳር ወሰዷት። ፀጉሯ እንደረጠበ፣ ፊቷ ተለውጦ ተመለሰች።

«እስቲ ዓይን ዓይኔን እያየህ ንገረኝ» አለችኝ። «እኔ እንዳልመጣ ስብሰባ ላይ ተነስቶ የተቃወመው አንተ ነህ?»

ቁጭ አድርጌ የመሥሪያ ቤቱን ባህል አስረዳኋት... ልጃችን ተወልዶ፣ አድጎ፣ አግብቶ ወጣ። እኔ አሁንም እያስረዳሁ ነው።