ድንች የሌለበት የድንች ድረ ገጽ

የዘር ድንች አምራቾች ማኅበራችን ድረ ገጽ ሲከፈት መጀመሪያ የሚነበበው ራዕይ ነበር፤ ቀጥሎ ተልዕኮ፣ ከዚያ እሴቶች። ከእሴቶቹ በታች ሊቀመንበሩ በልዩ ልዩ አቋም ሪባን ሲቆርጡ ይታያሉ። ድንች ግን የለም። እኛ የቢሮ አገር ሰዎች ነን፤ አንድን ነገር ለዓለም ከማሳየታችን በፊት ሪፖርት እናለብሰዋለን።

እኔ የተማርሁት የዕፅዋት በሽታ ነው፤ እንጅባራም የምሠራው በዚሁ ሙያ ነበር። የማኅበሩ አባል ታላቅ እህቴ ናት። የዚያ ዓመት ምርቷ በማኅበሩ መጋዘን፣ በቀርከሃ መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል። የቀድሞው ገዢ ቀርቷል። የተከላ ወቅት ካለፈ ደግሞ ዘሩ ይጨማተርና ለወጥ እንኳ የማይመረጥ ይሆናል።

«ዘንድሮ ገዢ የሚመጣው በስልክ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ። ችግሩ፣ ጉግል ላይ «የዘር ድንች» ተብሎ ሲፈለግ እኛ የምንገኘው ከድንች ጥብስ አሠራሩ ሁሉ ኋላ፣ ማንም ትዕግሥቱ በማያደርሰው ቦታ ላይ መሆኑ ነበር።

ስለዚህ ከዳንግላ አንድ የድረ ገጽ ባለሙያ አስመጡ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው፣ ንግግሩ የማያጥረው ሰው። «ምስጢሩ መደጋገም ነው» አለ። በማግሥቱ የገጹ ግርጌ «ምርጥ የዘር ድንች እንጅባራ፣ የእንጅባራ ምርጥ የዘር ድንች» እያለ እንደ ስቅለት እግዚኦታ ይወርድ ጀመር። ጉግል ግን አልማረንም።

እህቴ ቤቴ መጣች።

«አንቺ ያን ያህል ዘመን ስለ ድንች የተማርሽው የእህትሽ ድንች ሲበላሽ ቆመሽ ለማየት ነው?»

«ማኅበሩ አልጠየቀኝም።»

«ማኅበሩ ይቆይሽ። ድንቼ እያቆጠቆጠ ነው! ለገጹ ገዢ የሚያነበው ነገር ጻፊ።»

ጻፍሁ። ስለ ማኅበሩ ሳይሆን፣ ዘር የሚገዛ ገበሬ በእውነት ስለሚፈራው ስለ አጠውልግ በሽታ። ድንቹን መሐል ለመሐል ቁረጡት፤ ከቅርፊቱ ገባ ብሎ ቡናማ ቀለበት ካያችሁ፣ ስትጨምቁትም ነጭ ፈሳሽ ካወጣ አትግዙ። ቢላዋውን በየድንቹ መሐል በአልኮል ጥረጉ፤ በሽታው በስለት ይሻገራልና። ጤነኛ የመሰለም በሽታ ሊደብቅ ስለሚችል፣ በሽታውም አፈር ውስጥ ስለሚከርም፣ የማሳውን ታሪክ ጠይቁ። ሻጩ አላስቆርጥም ካለ ጥላችሁ ሂዱ።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን በእጃቸው መዘኑት።

«ረዘመ። ስለ አመራሩ ምን ይላል?»

«ምንም።»

«ስለ እኔስ?»

«ስለ በሽታ ነው ጋሼ። እርስዎን የሚነካ ነገር የለውም።»

«እንግዲያው ይውጣ» አሉ ሳያነቡት።

ገበሬዎች በዚያው ገጽ፣ በሽታ የገባበት መሬት ምን ይደረግ እስከማለት ድረስ፣ መጠየቅ ጀመሩ፤ እኔም መልሱን እዚያው እጨምር ነበር። ገጹ ጉግል ላይ ቀስ በቀስ ከፍ አለ፤ ከጥብሱም በላይ ወጣ። የዳንግላው ባለሙያ «አያችሁት መደጋገሜን?» ብሎ ደወለ። ሊቀመንበሩ አመሰገኑት።

የተከላው ወቅት ሳያልፍ አንድ አዲስ ገዢ መጣ። ሊቀመንበሩ ሱፋቸውን ለብሰው፣ እኔንም «የኛ ምሁር» ብለው አስተዋውቀው፣ በቀጥታ ወደ ራሳቸው ምርት መደርደሪያ መሩት። ሰውየው ከኪሱ ቢላዋና የአልኮል ጠርሙስ አወጣ።

«ልቁረጥ?»

እኛ አገር ሻጭ ባለበት ዕቃውን ከፍቶ መመርመር ሌባ እንደማለት ነው። ሊቀመንበሩ ፊታቸው ጠቆረ።

«በማን ትእዛዝ?»

«በእናንተው» አለና ስልኩን አሳያቸው። «ካላስቆረጡህ ሂድ ይላል።»

እንዳይሄድባቸው ራሳቸው አንዱን ድንች አቀበሉት። ቆረጠ። ቡናማው ቀለበት ሙሉ ነበር፤ ሲጨምቀው ነጩ ፈሳሽ ብቅ አለ። ሌላ ቆረጠ፤ ያው ነው። ቢላዋውን ጠርጎ ወደ እህቴ መደርደሪያ ሄደ። የሷ ጥርት ያለ ሆኖ ወጣ።

«ማሳው አምና ምን ነበረበት?»

«ገብስ። ካቻምናም ገብስ። የፈለግኸውን ጎረቤት ጠይቅ።»

የሷንና የሌሎቹን ንጹሕ ዘር ጫነ። የሊቀመንበሩ ቀረ።

መኪናው ዞር ከማለቱ ሊቀመንበሩ ወደ ዳንግላው ባለሙያ ደወሉ። «ያን ጽሑፍ አሁኑኑ አውርደው!»

«ጋሼ፣ እሱ ከወረደ ገጹን የሚከፍተው እርስዎና እኔ ብቻ ነን» ሲል ድምፁ እኛ ድረስ ተሰማ።

ስልኩን ዘጉና ወደ መጋዘኑ በር ጠሩኝ። ከዚያ፣ እህቴ እንዳትሰማ ይመስለኛል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መሬቴን እንግዲህ ምን ላርገው?» አሉኝ።

«ጽፌዋለሁ እኮ ጋሼ።»

«አገር ሁሉ አንብቦታል! እኔን ንገሪኝ!»

ነገርኋቸው፤ ከርዕሱ ጀምሬ፣ አንድም ሳልዘል።